የካሱ ማንገቻ

አባቴን «የጠመንጃ አህያ» ሲሉት በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። በአባቴ አገር፣ ደጋው ገረሴ ላይ፣ ኦይታ የሚባል ሽማግሌ ሞቶ ለቅሶ ተቀምጠን ነው። ኦይታ በጉብዝናው ጎሽ የገደለ ሰው ስለነበር ለቅሶው የዋዛ አልነበረም፤ ወንዶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው ሜዳውን እየዞሩ ሲፎክሩለት ዋሉ፤ ሁለት ጊዜም ወደ ሰማይ ተተኮሰለት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ነኝ። ከኋላችን ሽማግሌዎቹ ግንድ ላይ ተደርድረው፣ ከድሮዎቹ አዳኞች ማን እንደቀረ በጣት ይቆጥራሉ። አንዱ «ካሱ አለ» አለ። ካሱ አባቴ ነው። ይኼኔ ደበሌ ሳቀ። ደበሌ ቀኝ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ብቻውን ጎሽ ገጥሞ፣ የመጀመሪያው ጥይት አቆሰለው እንጂ አልጣለውም፤ ሁለተኛውን ሳያጎርስ ጎሹ ደረሰበት። በመጨረሻ ጎሹም ሞተ፣ እግሩም ሰንካላ ሆኖ ቀረ። ያንን እግር እንደ ሹመት ይዞት ነው የሚዞረው። «ካሱን ደግሞ ማን አዳኝ አደረገው?» አለ። «የጠመንጃ አህያ ነው እንጂ! ሃያ ሁለት ዓመት ለፈረንጅ ተሸከመ። አህያ ጨው ስለተሸከመች ትቀምሳለች እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ለቅሶ ላይ ሳቅ ነውር ነው ብሎ የገሰጻቸው የለም። አባቴ ከደበሌ ሁለት ሰው አልፎ ተቀምጦ ነበር። መስማቱን ያወቅኩት ቀኝ ትከሻውን ቀና ለማድረግ ሲሞክር ነው። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሲያየው ቀና ያደርገዋል፣ ትንሽ ቆይቶ እሱ ራሱ ሲረሳው ተመልሶ ይወርዳል። ያን ቀንም ወረደ። ቤት ስንገባ እሱም አላነሳው፣ እኔም አላነሳሁት፤ ቆጮውን በጎመን በልተን ስለ ዝናቡ አወራን። እኔ ግን አባቴ ከመሞቱ በፊት ያንን ሲሸከመው የኖረውን ጠመንጃ አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ በእጁ ይተኩሳል፤ ደበሌም ቆሞ ይሰማል አልኩ። ለማንም ሳይሆን ለራሴ ነው ያልኩት።

ጠመንጃውን የገዛሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ቀን ነው። አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ የተከራየናት ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛዋ ክፍል አንድ ማዕዘን ባዶ ነው። ባለቤቴ አሞጽ ያንን ማዕዘን ለፍሪጅ ብሎ ካዘጋጀው ዓመት አልፎታል። ግድግዳውን ሰማያዊ ቀብቶታል፣ ሶኬት አስገብቶለታል፣ አናጢ ጠርቶ ከሥሩ የእንጨት መቆሚያ አሠርቶለታል። የቀረው ፍሪጁ ብቻ ነበር። እኔ ጫሞ ዳር ወርጄ ዓሣ እገዛለሁ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቼ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ፤ የአርባ ምንጭ ሙቀት ደግሞ ዓሣ አይምርም፣ እስከ ስምንት ሰዓት ያልተሸጠው የሰፈር ድመት ሲሳይ ነው። ስለዚህ መቶ ሺህ ብር እቁብ ሲወጣልኝ አሞጽ የባጃጁን ጥሩምባ እያንጫረረ ነበር ቤት የገባው። ጎረቤት ሰርግ መስሎት ወጣ። ከዚያ ጠመንጃው መጣ። ያመጣብን ደግሞ እሱ ራሱ ነው፤ እትዬ ሮማነወርቅን ከገበያ ላይኛው ከተማ ሴቻ ሲያደርሳቸው፣ «አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ልገባ ነውና እቃ እየሸጥኩ ነው፣ የባለቤቴን የአደን ጠመንጃ ሳይቀር» ብለውት፣ እንደ ቀልድ አወራኝ፤ ባለቤታቸው የአባቴ አለቃ ነበሩና የትኛው ጠመንጃ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ምላሱን ሳይረግም ያደረ አይመስለኝም።

ያን ጠዋት ደረቅ ዳቦ እየበላ፣ ሻዩን በግራ እጁ ይዞ፣ ማዕዘኑን ያያል። እኔ ወረቀቶቼን በፌስታል እጠቀልላለሁ፤ በአባቴ ስም የወጣው ፈቃድ፣ ፖሊስ ለመንገድ የጻፈልኝ ደብዳቤ፣ የአባቴ ፎቶግራፍ። እነዚያን ለማግኘት የተመላለስኩት መንገድ ቢደረደር ጂንካ ደርሶ ይመለሳል። አባቴን ፎቶህን ስጠኝ፣ ጣትህን እዚህ ላይ አሳርፍ ስለው ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ጠይቆ የሚያውቅ ሰው አይደለም። አሞጽ ግን ጠያቂ ነው።

«ከእንግዲህ ዓሣውን በጥይት ልታወጪው ነው?» አለኝ።

«አባቴ አንዴ ይተኩሰው።»

«ከተኮሰ በኋላስ?»

ፌስታሉን ቋጠርኩ። ወጥቶ ባጃጁን አስነስቶ ቆመ፤ ነይ አላለኝ፣ ሂጂም አላለኝ፤ ወጥቼ ከኋላው ተቀመጥኩ። ዳገቱን ሴቻ እስክንወጣ የባጃጁ ሞተር ብቻ ለሦስታችንም አለቀሰ። ስወርድ ሒሳብ እንደሚቀበል ሰው ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ፣ «ሲተኩስ ደውይልኝ» አለኝ።

የእትዬ ሮማነወርቅ ቤት ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ሽመክት ከሰሜን ተሹመው የመጡ የአደን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ለአምስት ዓመት ብለው መጥተው አርባ ዓመት ኖሩ፤ እዚሁ ተቀበሩ። ሳሎኑ ግማሹ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። መጋረጃው ወርዶ፣ በዚያ ትልቅ መስኮት አባያ እንደ ልማዱ ደፍርሶ፣ ጫሞ ጠርቶ ይታያሉ፤ ብርሃኑ ከውሃው ተነስቶ ጣሪያው ላይ ይርገበገባል። ሥዕሎቹና ፎቶግራፎቹ የነበሩበት ቦታ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጭ መስኮት ሆኖ ቀርቷል። በነዚያ ባዶ መስኮቶች መካከል ጠመንጃው ብቻውን በሁለት ሚስማር ላይ ተጋድሟል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሙን እየሰማሁ ያደግኩትን ነገር ሳየው የጠበቅኩትን ያህል ትልቅ አልነበረም። ዝም ያለ ነገር ነው። አፌን ከፍቼ ቆሜ እትዬ ሮማነወርቅ «ተቀመጪ እንጂ የኔ ልጅ» ያሉኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

«እንግሊዝ ሠራሽ ነው» አሉኝ አውርደው ጭናቸው ላይ እያጋደሙት፤ የሚሉትን ሁሉ ከባላቸው በቃላቸው የያዙት ነው። «ሦስት ሰባ አምስት ማግነም ይባላል። ዝሆን ይጥላል። ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው፤ እንጨቱ ዋልነት ነው፤ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የሚሠራ የለም። የሎጅ ባለቤት መጥቶ መቶ ሃምሳ ሺህ ብሎኛል። የመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው።»

እኔ ስለ ጠመንጃ አንዳች የማውቀው የለም። ዓሣ የሚገዛ ሰው ጉንጩን ገልጦ ቅላቱን ያያል፣ ሥጋውን በጣቱ ይጫናል፣ ያሸታል። እኔም ያንኑ አደረግኩ። መቀርቀሪያውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ውስጡ ንጹሕ ነው፣ የዘይትና የድሮ ሳጥን ሽታ ይሸታል። አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አድርጌ በኋላ በኩል አጮልቄ አየሁ፤ ረጅም የሚያብረቀርቅ ቀለበት በቀለበት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የጫሞ ሰማያዊ፣ ሽምብራ የምታህል። ከዚያ ማንገቻውን ዳሰስኩ። ቆዳው ዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ግን፣ የመዳፍ ስፋት በሚሆን ቦታ ላይ፣ ጠቁሮ፣ ሳስቶ፣ እንደ ሐር ለስልሷል። ያ ቦታ የአባቴ ትከሻ ነው። ልጆች ሳለን በቀኝ ትከሻው ላይ የምንነካካው አንድ ደንደን ያለ ጠባሳ ነበረው፤ «ይሄ ምንድን ነው?» ስንለው «ጓደኛዬ ነው» ይለን ነበር። አሁን ጓደኛው እጄ ላይ ነው። እንባዬ መጣና አቧራ ዓይኔ ገባ ብዬ አሳበብኩ።

«መቶ ሺህ ነው ያለኝ» አልኳቸው። «እቁብ ነው። ስልኬ ውስጥ ነው።»

ፊቴን አተኩረው አዩት፤ ዋጋ ሊከራከሩኝ መስሎኝ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ኋላ። ካሱ ስላቸው ተነስተው ወደ አንዱ ካርቶን ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ቆዩና በመስታወት የተገጠመ ፎቶግራፍ አመጡ። ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ የወደቀ ጎሽ ላይ ተቀምጧል፤ ያው ጠመንጃ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል። በቀኙ ጠርዝ፣ ፍሬሙ በቆረጠው ቦታ፣ የአንድ ሰው ግማሽ አለ። አንድ ጆሮ፣ አንድ ዝቅ ያለ ትከሻ፣ አንድ የተዘረጋ ክንድ። መዳፉ ክፍት ነው። ምን እንደሚለምን አልገባኝም።

«እነሆ አባትሽ» አሉኝ። «ሽመክት ይወደው ነበር። ከካሱ ጋር የሄደ እንግዳ ሬሳው መጥቶ አያውቅም ይል ነበር።»

«እሱ ስንት ጎሽ ገደለ?» አልኳቸው።

እትዬ ሮማነወርቅ እንደማዘን አሉ። «አይ የኔ ልጅ። አንድም ቀን አልተኮሰም። ተሸካሚ ከተኮሰ ይባረራል፣ ደንቡ ነው። ደንቡ ላይ የሚፈርመውም ሽመክት ነበር።» ከዚያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «እሱም ራሱ አልተኮሰም እኮ» አሉ። «የአደኑ ኩባንያ ሲዘጋ ለሱ ቀረ፤ ሃያ ዓመት አቧራውን እኔ ነኝ የጠረግኩት። እኛ ቤት ይሄን ነገር የተኮሰ የለም።»

እኔ ተሸካሚ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያንን የማያውቅ የለም። ግን በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ እንኳ፣ ማንም ሳያይ፣ እንደ ስህተት... ብዬ አስብ ነበር። ደበሌ እውነቱን ነው የተናገረው ማለት ነው። ይህ ይበልጥ አናደደኝ፤ እውነት ሲሰድብ ከውሸት ይከፋል። እትዬ ሮማነወርቅ ጠመንጃውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ዘጠና አምስቱን ላኪልኝ» አሉ፤ «አምስቱ ለመንገድሽ።» የሎጁ ሰውዬስ ስላቸው፣ «ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ይስቀልበት» አሉ። ከባላቸው የመነጽር ቤት ውስጥም ሁለት ጥይት አውጥተው ሰጡኝ፤ የጣት ርዝመት ያላቸው፣ ከግርጌያቸው እንደ ጋብቻ ቀለበት ያለ ዙሪያ ያላቸው። የቀሩት እነሱ ብቻ ናቸው፤ እንዲህ ዓይነቱን ጥይት ዛሬ ቢፈልጉት አይገኝም። ለመጠቅለያ የወረደውን መጋረጃ ሰጡኝ፤ ቢጫ አበባ ያለበት ነው። ከፖሊስ ዘንድ ሄደን ሁለታችንም ፈረምን፤ ብሩንም እዚያው በስልኬ ላክሁላቸው።

በመናኸሪያው የገረሴ መኪና ውስጥ የኋላ ወንበር ያዝኩ። ጠመንጃውን በአበባ መጋረጃ ጠቅልዬ፣ አፈሙዙን ወደ ላይ፣ ሰደፉን በሁለት እግሬ መካከል አድርጌ አቀፍኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «የመጋረጃ ብረት ነው?» አለችኝ፤ «አዎ» አልኳት። ሙዙ በግራና በቀኝ እያለፈ፣ ሙቀቱ በመስኮት እየገባ፣ እንቅልፍ ያዘኝ። በሕልሜ አባቴ ከፊቴ ይሄዳል። ሣሩ እስከ ደረቱ ነው፤ ከኋላው የምሄደው እኔ ነኝ፣ ቁምጣ ለብሻለሁ። አባቴ ዞር ሳይል ሳሩን በእጁ ይከፍትልኛል፣ እሾኹን ይሰብርልኛል፤ እኔ አንዳች ነገር ሳልነካ እሄዳለሁ። ምን እንደምናድን ልጠይቀው እፈልጋለሁ፣ ግን በሕልሙ ውስጥ መናገር ክልክል ነው። ጎሾቹ በሣሩ ውስጥ ቆመው ያዩናል፤ አይናቸው እንደ ሰው ዓይን ነው። አባቴ ድንገት ቆመ። እኔም ቆምኩ። ኬላ ደርሰን መኪናው ቆሞ ኖሯል።

ፖሊሱ ወጣት ነው። መጋረጃውን ሲፈታ አበቦቹ መሬት ላይ ተዘረጉ፤ «የመጋረጃ ብረት» ያልኳት ሴት «በስመአብ!» ብላ ወደ ሌላው ወንበር ዘለለች። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ የጠመንጃውን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ አመሳከረ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያየው ጀመር።

«ምን ይመታል ይሄ?» አለኝ።

«ጎሽ ነው የሚመታው።»

«አሁን ጎሽ ከየት ይመጣል?»

«ጎሽስ የለም» አልኩት። «አባቴ አለ።»

ምን እንደገባው እንጃ፤ ሣቀና መጋረጃውን እራሱ መልሶ ጠቀለለልኝ፣ እንደ ሕፃን አድርጎ አቀበለኝ። ዳገቱን ስንጀምር ሙዙ ቀረ፣ እንሰት መጣ፣ ቀርከሃ መጣ፤ ጆሮዬ ደነቆረ፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናነበ።

ከገረሴ መኪና ማቆሚያ እስከ አባቴ ቤት በእግር አንድ ሰዓት ነው። ጠመንጃውን ከመጋረጃው አውጥቼ በቀኝ ትከሻዬ አነገትኩት። መጀመሪያ ቀላል ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ወደ ግራ ብቀይረው አልተመቸም፤ ማንገቻው ቀኝ ትከሻ ለምዶ ቅርጹን ይዟል። መልሼ ቀኜ ላይ አደረግኩት። የጠቆረችው ቦታ በትክክል ትከሻዬ ላይ አረፈች፤ ሳላውቀው ቀኝ ጎኔ ዝቅ አለ። ጉሙ ከቀርከሃው ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ከፊቴ ያለው ሁሉ እየጠፋ፣ ስቀርበው እየታየ ይመጣል። በመንገድ ያገኘኋቸው ሁሉ ሰላምታቸውን ረስተው ያዩኛል። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሮጦ ስለነበር የአባቴ ደጅ ስደርስ አሥር አሥራ አምስት ሰው ቆሟል። ደበሌም አለ፤ ከነበትሩ፣ ከነእግሩ። ጎሽ! አልኩ በሆዴ። እሱን መጥራት ሳያስፈልገኝ በገዛ እግሩ መጣልኝ።

አባቴ ለአጥር ቀርከሃ እየሰነጠቀ ነበር። ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው እኔን አይደለም፤ ማንገቻውን ነው። ቢላውን አስቀመጠ፤ እጁን በጋቢው ጠረገ፤ ተነሳ። «ይሄ የት ነበር?» አለኝ፤ እኔ የት እንደነበርኩ ሳይሆን። «ሴቻ ነበር» አልኩት፤ «ያንተ ነው። ፈቃዱም በስምህ ነው።» ከትከሻዬ ሲያወርደው በሁለት እጁ ነው። መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፤ ድምፁን አዳመጠ። በጋቢው ጫፍ አፈሙዙን ጠረገ፣ እፍ አለበት። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ውሃ ሲቀዳ የሚንቀጠቀጠው እጁ አሁን ቀጥ ብሏል። ሁለቱን ጥይቶች ስሰጠው መዳፉ ላይ መዘናቸው፤ አንዱን በአንዱ ላይ አጎረሰ።

«አባዬ ተኩስ» አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። «ወደ ሰማይ ተኩስ!»

አልሰማኝም። ዞር ብሎ በጓሮ በኩል ወደ ቀርከሃው ሄደ፤ ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ተከተልነው። ማን ተከተሉት እንዳለን አላውቅም፤ ሁላችንም እግራችንን እያነሳን እንደ እሱ እንረግጥ ጀመር፤ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ዝም አለ። ከመሬት አፈር ቆንጥሮ አነሳና ለቀቀው፤ አፈሩ ወደ ግራ ሄደ፤ እሱም ወደ ቀኝ ዞረ። ጉሙ ውስጥ ቀርከሃው ይንቋቋል። እምላለሁ፣ የከብት ሽታ ሸተተኝ፤ የከብት ግን አልነበረም። ደበሌን ዞር ብዬ አየሁት፤ ትንፋሹን ይዟል። አባቴ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ ዓይኑን ከጉሙ ሳይነቅል፣ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ዘረጋው፤ ሰደፉ ወደ እኔ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት። ሊወድቅ መስሎኝ ዘልዬ ያዝኩት። ሰደፉ መጥቶ መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ጣቴ ቃታውን ሳልፈልገው ደረሰበት። በሕይወቴ ጠመንጃ አንስቼ አላውቅም፤ ግን ተዘጋጅቶ የተሰጠኝ ነገር እንደሆነ እጄ አወቀ። የእሱ እጅ ደግሞ ከኋላው እንደተዘረጋ ቀረ፤ መዳፉ ክፍት። ያ የፎቶግራፉ እጅ ነው። ሊለምን አይደለም የተዘረጋው። ባዶውን ጠመንጃ ተቀብሎ፣ አጉርሶ፣ መልሶ ለመስጠት ነው። ፈረንጁ ጎሹ ላይ ቁጭ ብሎ ሲስቅ እንኳ እሱ ገና አልጨረሰም።

«አንተ ተኩስ እንጂ አባዬ» አልኩት፤ ድምፄ ግን እንደ ሹክሹክታ ወጣ።

«እኔ ከተኮስኩ ማን ያቀብላል?» አለኝ፤ አሁንም ሳይዞር። «ዝም በይ። ተኳሽ ይስታል፣ ይሮጣል። ያቀባዩ ሥራ ቆሞ መጠበቅ ነው። እሱ ከሮጠ ሁለት ሰው ይሞታል።»

ከፊቱ ጉም ብቻ ነበር። እጁ ባዶ ነው፤ ከኔ ፊት ነው የቆመው፤ ከዚያ ጉም ውስጥ ምንም ቢወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የቆመው። እኔ ደግሞ ይህንን ሰው ተኳሽ ላደርገው የፍሪጄን ብር ከፍዬ መጣሁ። አፈርኩ። ተኩስ ማለቴን ተውኩት። ጠመንጃውን መልሼ በተዘረጋው መዳፍ ላይ አኖርኩት፤ «አፈሙዙን ዝቅ» አለኝ፤ ዝቅ አደረግኩት።

ይኼኔ ከኋላዬ በትር ወደቀ። ደበሌ ነው። ያለ በትሩ፣ እግሩን እየጎተተ፣ አልፎኝ ሄዶ ከአባቴ በስተቀኝ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ሊያፌዝ መስሏቸው ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። «ለእኔም አቀብለኝ» አለው። አባቴ መቀርቀሪያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ አሁንም ሳያየው አቀበለው። ጠመንጃው በደበሌ እጅ ላይ ሲያርፍ አየሁ። አንዴ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። ደበሌ አልተኮሰም፤ ወደ ላይም አላነሳውም። እንደያዘው ቆመ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያን ቀን የት ነበርክ?» አለው።

አባቴ ያኔ ነው ዞሮ ያየው። ደበሌን አየ፣ እግሩን አየ፣ ቆየ። «ለሌላ ሰው ተሸክሜ ነበር» አለው።

ሌላ ቃል አልተባባሉም። አባቴ ጠመንጃውን ተቀብሎ ሁለቱን ጥይቶች አወጣና ጋቢው ጫፍ ላይ ቋጠራቸው፤ ደበሌ በተሰነጠቀው ቀርከሃ ክምር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፤ አባቴም አጠገቡ ተቀመጠ። ሰው አንድ በአንድ ወደ ጉሙ ገብቶ ጠፋ። ስልኬ የጮኸው ይኼኔ ነው፤ አሞጽ ነው፤ ከኋላው የባጃጁ ሞተርና የሲቀላ ገበያ ይሰማል።

«ተኮሰ?» አለኝ።

«አልተኮሰም።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን ሆነ?»

ምን ብዬ እንደምነግረው አላወቅኩም። ወደ ክምሩ አየሁ። «ደበሌ እያለቀሰ ነው» አልኩት።

አሞጽ የባጃጁን ሞተር አጠፋ፤ ሒሳቡ እየቆጠረበት ነው ብዬ ልዘጋው ስል፣ «እንግዲያውስ ፍሪጁ ይቆይ» አለኝ።